የአያት ዛጎልና የገና ጌጥ

ጾመ ነቢያት ከገባ ወዲህ በአንዱ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዲት የምናውቃቸው የቤት እመቤት ቡና እንድንጠጣ ወደ ቤታቸው ጠሩን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው በመቀዳት ላይ ሳለ እመቤቲቱ ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ያረጀ የቆዳ ከረጢት ይዘው ተመለሱና በሰፌድ ላይ ገለበጡት። ከመቶ የሚበልጥ ነጭ ዛጎል እየተንኳኳ ሰፌዱን ሞላው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃቸውም ወዲያው መጥታ ከሰፌዱ አጠገብ ተቀመጠችና ትልልቁን ከትንንሹ እየለየች ትደረድር ጀመር።

እመቤቲቱም እንዲህ አሉን፦ «ይህ ዛጎል የአያቴ ነው። አያቴ እናቴን ያዘሉበት አንቀልባ በዚህ ያጌጠ ነበር። ቆዳው ሲያልቅ ዛጎሉ ተፈትቶ እኔና ወንድሞቼ በታዘልንበት አንቀልባ ላይ ተሰፋ። ያም ሲያልቅ እናቴ ፈትታ በዚህ ከረጢት አኖረችልኝ። ይህች ልጄ ደግሞ ለገና የቤት ጌጥ ልሥራበት ብላ ይዛኛለች። ነገር ግን ጎረቤቴ እማማ አይተውት ‹ይህ የጠንቋይ ዕቃ ነውና ከክርስቲያን ቤት አውጥተሽ ጣዪው› አሉኝ። እርሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቃላቸውን መናቅ አልሻም። የአያቴን ዕቃ መጣልም አልቻልሁም። እናንተ ምን ትሉኛላችሁ?»

በዚያ ቀን ፈጥነን መልስ አልሰጠንም። ጥያቄው የእኒህ እመቤት ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለንና። በብዙ ቤት በሣጥን ታች፣ በአሮጌ አገልግል ጫፍ፣ በተቀመጠ አንቀልባ ላይ ዛጎል አለ። ባለቤቶቹ ግን ጌጥ ይበሉት ክታብ ይበሉት ሳይቈርጡ ይኖራሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መርምረን፣ የአበጃጀቱንም ስልት ጠይቀን ለአንባብያን ለማቅረብ ወሰንን።

ዛጎል ምንድር ነው?

ዛጎል ድንጋይ አይደለም፤ አጥንትም አይደለም። በሞቃት ባሕር ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ከቀንድ አውጣ ወገን የሆነ ትንሽ እንስሳ ለራሱ የሠራው ቤት ነው። እንስሳው ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለውን ማዕድን ከሰውነቱ እያመነጨ ቤቱን ንጣፍ በንጣፍ ያንጸዋል። የኖራ ድንጋይና የዶሮ እንቁላል ቅርፊት የተሠሩትም ከዚሁ ማዕድን ነው።

ዛጎልን ከሌላው የባሕር ቅርፊት የሚለየው ልስላሴው ነው። ሌላው ቀንድ አውጣ ቅርፊቱን በጀርባው ተሸክሞ ሲሄድ ቅርፊቱ በአሸዋና በድንጋይ እየተፋቀ ይሻክራል። የዛጎል እንስሳ ግን ስስ የሆነውን የሰውነቱን ሽፋን በሆዱ በኩል ባለው ስንጥቅ ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ቅርፊቱን ከግራና ከቀኝ እንደ ኩታ ይደርብበታል። ሽፋኑም ቅርፊቱን ከመፋቅ ይጠብቀዋል፤ በላዩም አዲስ ንጣፍ ይጨምርበታል። ሰው ሳይወለውለው የሚያብረቀርቀው ስለዚህ ነው። እንስሳው ገና ታዳጊ ሳለ የቅርፊቱ ከንፈር ስስና ክፍት ነው፤ ሲያድግ ግን ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ያን የምናውቀውን ጥርስ ያወጣል።

በገበያችን የሚገኘው ዛጎል በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው። አንዱ ቀለሙ ወደ ብጫ የሚያደላ፣ ጎኑም ጐበጥ ጐበጥ ያለ ነው። ሁለተኛው በጀርባው ላይ የወርቅ ቀለበት የሚመስል ክብ መስመር አለው። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔዎስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1758 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱንም በላቲን ስም ጠርቷቸዋል፤ የፊተኛው ስም ትርጓሜ ገንዘብ፣ የሁለተኛውም ቀለበት ማለት ነው።

ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ። ቡና የምንጠጣበት ሲኒ የሚሠራበትን ነጭ ሸክላ አውሮፓውያን ፖርሴሊን ይሉታል። ይህ ቃል ጣልያኖች ዛጎልን ከሚጠሩበት ስም የወጣ ነው፤ ሸክላው እንደ ዛጎል ነጭና ለስላሳ ስለ ሆነ የዛጎልን ስም ወረሰ። እንግዲህ በዚያ ቀን በረከቦቱ ላይ የነበረው ሲኒና በሰፌዱ ላይ የነበረው ዛጎል በስም ዘመዳሞች ነበሩ ማለት ነው።

ገንዘብ የነበረ ጌጥ

በጥንት ዘመን ዛጎል በብዙ አገር ገንዘብ ነበረ። በቻይና ጽሕፈት ከገንዘብና ከንግድ ጋር የተያያዙ ብዙ ቃላት እስከ ዛሬ የዛጎልን ምልክት በውስጣቸው ይዘው ይገኛሉ። በሕንድ ውቅያኖስ ያሉት የማልዲቭ ደሴቶች ደግሞ የዛጎል ጐተራ ነበሩ። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባጡጣ በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በእነዚህ ደሴቶች ተቀምጦ ነበርና ያየውን ጽፎ ትቷል። የደሴቶቹ ሰዎች ዛጎሉን ከባሕር ሰብስበው ሥጋው እስኪጠፋ ድረስ በጉድጓድ ያኖሩታል፤ ነጩ ቅርፊት ብቻ ሲቀር ይነግዱበታል። በዚያ በደሴቶቹ 400 ሺህ ዛጎል በአንድ የወርቅ ዲናር ይመነዘር ነበር። ይኸው ተጓዥ በኋላ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄዶ በማሊ አገር 1,150 ዛጎል ብቻ በአንድ የወርቅ ዲናር ሲመነዘር አየ። የመንገዱ ርቀትና የነጋዴው ትርፍ ከዚህ ልዩነት ይታወቃል።

ነገር ግን ያ ሀብት አልጸናም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ የአውሮፓ ነጋዴዎች ከዛንዚባር ወገን ባለ ቀለበቱን ዛጎል በመርከብ እየጫኑ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ስላጐረፉት ዋጋው ወደቀ። በዛጎል ሀብታም የነበረ ሰው ከረጢቱ ሞልቶ ሳለ ድሃ ሆነ።

በእኛ ደጋ አገር የገበያው መገበያያ አሞሌ ጨው፣ በኋላም የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ። ከባሕር ወደቦች በነጋዴ እጅ ይመጣ የነበረው ዛጎል ይልቁን ጌጥ ሆነ። እናቶች በአንቀልባቸው ቆዳ ላይ ሰፉት፤ የመንገድ ስንቅ የሚያዝበት አገልግል በእርሱ አጌጠ። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች እስከ ዛሬ የፍየል ቆዳ ልብሳቸውን በዛጎል ያስጌጣሉ። በሌላ አገር ገንዘብ ሆኖ የተከማቸው ዋጋውን ሲያጣ፣ እናት በልጅዋ አንቀልባ ላይ የሰፋችው ግን ዋጋው ሳይጐድል ከአያት ለልጅ ልጅ ደረሰ።

የጎረቤቲቱ ቃል

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ለእመቤቲቱ መልስ መስጠት ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን የጎረቤቲቱንም ቃል ሳንሰማ መፍረድ ስላልፈለግን በማግስቱ ወደ እርሳቸው ሄድን። እማማ በደጃፋቸው ተቀምጠው ስፌት ይሰፉ ነበር። የመጣንበትን ስንነግራቸው ወስፌውን ከጭናቸው ላይ አኖሩና ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም እንዲህ ሲሉ ነገሩን፦

«የበኵር ልጄ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ብርቱ ትኩሳት ያዘው። ሐኪም ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ነበር፤ ዛጎል የሚጥለው ሰው ቤት ግን ከመንደራችን ነው። ወደ ቅርቡ ወሰድሁት። ሰውየው ዛጎሉን በቁርበት ላይ በትኖ ጥቁር ዶሮ አምጪ አለኝ፤ አመጣሁ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ፤ እርሱንም አደረግሁ። በአራተኛው ቀን ልጄን ቀበርሁት። ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር ሲንኳኳ በሰማሁ ጊዜ አንጀቴ ይቃጠላል። እኔ ለልጅቱ ብዬ እንጂ በምቀኝነት የተናገርሁት አይደለም።»

አንባብያን ሆይ፥ ይህን የሰማ ሰው የእማማን ፍርሃት እንደ ተራ አጉል አስተያየት ሊቈጥረው አይችልም። እርሳቸው የሚፈሩት ነገር በእውነት ገዳይ ነውና። የታመመ ልጅ ወደ ሐኪም በሚወሰድበት ሰዓት ወደ ጠንቋይ ቢወሰድ የሚጠፋው ዶሮውና ብሩ ብቻ አይደለም፤ ጊዜው ይጠፋል። ለትኩሳት ለያዘው ሕፃን ደግሞ ከጊዜ የሚበልጥ ነገር የለም።

ይሁን እንጂ በደሉ የማን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ልጁን የገደለው ዛጎሉ አይደለም፤ በዛጎሉ የተነገረው ሐሰትና በሐሰቱ ላይ የተጣለው እምነት ነው። ዛጎሉ ባይኖር ሰውየው በጠጠር ወይም በቡና ፍሬ በጠነቈለ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ቡናን ከቤታችን አናወጣም። እመቤቲቱ ጉዳዩን የነገሯቸው የንስሐ አባታቸውም በአጭር ቃል «ብታዪበት ጌጥ ነው፤ ብትታመኚበት ግን ወርቅም ቢሆን ጣዖት ነው» ብለው መለሱላቸው።

በዚህ ቃል መሠረት ለቤተ ሰብ የሚሆን ቀላል መለያ አለ። ዛጎሉ በሕፃን አንገት የታሰረው ከቡዳ ዓይን ያድናል ተብሎ ከሆነ ይፈታ፤ ሕፃኑንም የሚጠብቀው ክትባቱ፣ ንጽሕናውና ጸሎቱ መሆኑን ወላጆቹ ይወቁ። ስለ ወደፊቱ ነገር ለመጠየቅ የሚበተን ከሆነ ይቅር። በመሶቡ፣ በመጋረጃው ወይም በግድግዳው ላይ ዓይን ደስ እንዲለው የተሰፋ ከሆነ ግን የፈጣሪ እጅ ሥራ ነውና ያለ ፍርሃት ይቀመጥ። ለልጆችም «ይህ ምንም ኃይል የለውም፤ መልኩ ግን ያማረ ነው» ብሎ በግልጥ መንገር ከመደበቅ ይሻላል። የተደበቀ ነገር ለልጅ ምሥጢር ይሆናል፤ ምሥጢርም ፍርሃትን ይወልዳልና።

የባሕር ቅርፊትና ቤተ ልሔም

የባሕር ቅርፊት ለልደት በዓል ጌጥ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ጌታ በተወለደበት ከተማ በቤተ ልሔም እጅግ የታወቀው የእጅ ሥራ የባሕር ቅርፊት ቅርጽ ነው። ሉል የሚገኝበት ቅርፊት ውስጡ ቀስተ ደመና በሚመስል ብርሃን የሚያበራ ንጣፍ አለው፤ ዐረቦች ሰደፍ ይሉታል። ብርሃኑ የሚመጣው ከቀለም አይደለም፤ እጅግ ስስ የሆኑ ብዙ ንጣፎች ተደራርበው ብርሃንን ስለሚመልሱ ነው። የቤተ ልሔም፣ የቤት ሳሑርና የቤት ጃላ ሠራተኞች ይህን ቅርፊት በመጋዝ ቈርጠው፣ በሞረድ አስተካክለው፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ወግተው መስቀል፣ ኮከብና የልደት ሥዕል ይሠሩበታል። ሙያውን በማስፋፋት የፍራንሲስካውያን መነኮሳት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ከወይራ እንጨት ተሠርተው በዚህ ቅርፊት የተለበጡ የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ምስሎች ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ይታያሉ። ከኢየሩሳሌም የሚመለሱ ተሳላሚዎቻችንም ከዚሁ ቅርፊት የተሠራ ትንሽ መስቀል ለዘመድ ይዘው ይመጣሉ።

የቤተ ልሔም ሥራ ብዙ መሣሪያና የረጅም ዘመን ልምድ ይፈልጋል። የዛጎል ሥራ ግን መርፌ መያዝ የምትችል ልጅ ሁሉ የምትሠራው ነው። በአገራችን የበዓል ጌጥ ከጥንት ጀምሮ ቄጠማው፣ ንጹሕ መጋረጃውና የታጠበው መሶብ ነው። ዛጎሉም የሚገባው በእነዚህ መካከል ነው።

አበጃጀቱ

አስቀድሞ ዛጎሉ እውነተኛ መሆኑ ይታወቅ። ከፕላስቲክ የተሠራ ዛጎል በገበያ አለና። እውነተኛው በእጅ ሲይዙት ይቀዘቅዛል፤ ሁለቱን ሲያጋጩት እንደ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሁሉም ልክ በልክ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን የፋብሪካ ሥራ ነው።

ለማጠብ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። በአፉ ስንጥቅ የገባውን አቧራ በብሩሽ ጫፍ ማውጣት፣ ከዚያም በጥላ ማድረቅ ነው። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ፈጽሞ አይግባበት። አስቀድመን እንደ ተናገርነው ዛጎል የኖራ ዘመድ ነውና ኮምጣጣ ነገር አረፋ እያስነሣ ይበላዋል፤ ልስላሴውም ዳግመኛ አይመለስም። ከደረቀ በኋላ በጨርቅ ጫፍ አንድ ጠብታ የኑግ ዘይት ነክቶ ማሸት ውበቱን ይመልስለታል።

ለመስፋት የዛጎሉ ጀርባ ጠፍጣፋና ክፍት መሆን አለበት። በገበያ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ጀርባው የተቈረጠ ነው። ያልተቈረጠ ከሆነ ግን እርጥብ በሆነ ሸካራ ድንጋይ ላይ ጀርባውን ወደ ታች አድርጎ ቀዳዳ እስኪከፈት ድረስ ቀስ እያሉ መፈተግ ነው። ድንጋዩ ዘወትር እርጥብ ይሁን፤ የቅርፊት ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ነውና ሥራው በደጅ ይሠራ፣ አፍንጫም በጨርቅ ይሸፈን። ይህ ሥራ የትልቅ ሰው እንጂ የልጅ አይደለም።

አሰፋፉ እንዲህ ነው። ዛጎሉን አፉን ወደ ላይ አድርገው በጨርቁ ላይ ያስቀምጡታል። መርፌውን ከጨርቁ ሥር አስነሥተው በቀዳዳው በኩል ወደ አፉ ያወጡታል። ክሩን በአፉ ጫፍ ባለው ስርጉድ ላይ አሳልፈው ወደ ጨርቁ ይመልሱታል። በሌላውም ጫፍ እንዲሁ አድርገው ሁለት ሁለት ጊዜ ይደግሙታል። ክሩ ጠንካራ የጥጥ ክር ቢሆን፣ ሰምም ቢቀባ አይበጠስም።

በሙጫ ማጣበቅ ይቀላል የሚሉ አሉ። እኛ ግን አንመክርም። የተጣበቀ ዛጎል ጨርቁ ሲያረጅ አብሮ ይጣላል፤ የተሰፋ ግን ይፈታል፣ ይታጠባል፣ እንደ ገና ይሰፋል። የእመቤቲቱ ዛጎል ከአንቀልባ ወደ አንቀልባ ተሻግሮ እስከ ልጃቸው የደረሰው ሙጫ ስላልነካው ነው።

ለገና ከሚሠሩት መካከል አራቱን እነሆ።

የመጀመሪያው የደጃፍ መስቀል ነው። የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀይ ከፋይ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይቈረጣል። በመካከሉ አንድ ዛጎል፣ በአራቱም ክንዶች ሁለት ሁለት ዛጎል ይሰፋል፤ በጠቅላላው ዘጠኝ ይሆናል። ከመስፋት በፊት ዛጎሎቹን ደርድሮ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ከመጣመም ያድናል።

ሁለተኛው የስፌት ኮከብ ነው። ስፌት የምታውቅ ሰው በስንደዶና በአክርማ የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ትሰፋለች፤ ዙሪያውንም በቀይና በአረንጓዴ አለላ ትጨርሰዋለች። በክቡ ላይ አምስት ዛጎል ከመካከል ወደ ዳር እየጠቈመ ሲሰፋ ኮከብ ይሆናል። በጫፉ የክር ቀለበት ቢደረግለት በመስኮት ወይም በጥድ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ለዚህ ሲባል ግን ጥድ መቍረጥ አያስፈልግም፤ በግቢ የቆመ ማንኛውም ተክል ይበቃል።

ሦስተኛው የመሶብ ክዳን ጠርዝ ነው። በክዳኑ ዳር ልክ ቀጭን የቀይ ጨርቅ ጥብጣብ ተቈርጦ ዛጎሉ በእርሱ ላይ ይሰፋል፤ ጥብጣቡም በክዳኑ ላይ በክር ይያያዛል። የክዳኑ አግድም ስፋት 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 141 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የአንዱ ዛጎል ርዝመት 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ጫፍ ለጫፍ ቢሰፋ 70 ያህል ዛጎል ይፈጃል፤ በመካከሉ የአንድ ዛጎል ቦታ ባዶ እየተተወ ቢሰፋ ደግሞ 35 ይበቃል። ከበዓሉ በኋላ ጥብጣቡን ፈትቶ ማስቀመጥ ስለሚቻል መሶቡን ለማጠብ አያስቸግርም።

አራተኛው የመስኮት ክር ነው። ረጅም ክር ላይ አንድ ዛጎል፣ ከዚያም ሦስት የቀለም ዶቃ፣ ደግሞ አንድ ዛጎል እየተባለ ይሰካል። ሦስት አራት ክር ጐን ለጐን ሲሰቀል ነፋስ ሲነካው ያንኳኳል።

ሥራውን በቤት ሰው ሁሉ ማካፈል መልካም ነው። ትንንሾቹ ያጥባሉና ይቈጥራሉ፤ የሚበልጡት ይለካሉ፤ ወንዶቹም ጨርቅ ይቈርጣሉ። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ዛጎልና ዶቃ እጃቸው እንዳይገባ እናት ትጠንቀቅ፤ መጠኑ የሕፃን ጕሮሮ የሚዘጋ ነውና።

ከውሃ ዳር ለሚሰበስቡ

በባሕር ማዶ የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦቻችን በባሕር አጠገብ ስለሚኖሩ ቅርፊት ከዳርቻው ሊያነሡ ይችላሉ። ልጆቻቸው በትምህርት ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዲሴምበር 25 ለሚከበረው ልደት የቅርፊት ጌጥ ሠርተው ይመጣሉ፤ ያው ጌጥ እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም እስከ ታኅሣሥ 28 ቀን ድረስ ቢቈይ ለእኛም ገና ይሆናል። ነገር ግን ሦስት ነገር ይታወቅ።

አንደኛ፥ ባለ ሕይወት የሆነውን አታንሡ። ቅርፊቱን ገልብጦ ማየት ነው፤ እንስሳ ካለበት ወደ ውሃው ይመለስ። በብዙ አገር ሕግም ጥበቃ በሚደረግለት ባሕር ቅርፊት ማንሣት የተከለከለ ነው። ለምሳሌ በፍሎሪዳ በሳኒበል ደሴት ባዶ ቅርፊት ማንሣት ሲፈቀድ እንስሳ ያለበትን መውሰድ ያስቀጣል። ባዶውም ቢሆን ሸርጣን ቤት የሚያደርገው ስለ ሆነ ለጌጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይነሣ።

ሁለተኛ፥ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ሾጣጣ ቅርፊት ያላቸውና መርዛም መውጊያ ያላቸው ቀንድ አውጦች አሉ። መልካቸው እጅግ ያማረ ነው፤ ከወገናቸው አንዳንዶቹ ግን ሰው ገድለዋል። ስለዚህ ሾጣጣ ቅርፊት በውሃ ውስጥ ሳለ በእጅ አይነካ።

ሦስተኛ፥ በአገር ቤት ያሉ ልጆች ቅርፊት ፍለጋ ወደ ሐይቅና ወደ ወንዝ ዳር ገብተው እንዳይዋኙ ይከልከሉ። በዝዋይና በጣና ሐይቅ ዳርቻዎች፣ በሌሎችም ውሆች ያሉ ትንንሽ ቀንድ አውጦች የቢልሃርዝያን ተውሳክ ያሳድጋሉ። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ለአንድ ጌጥ ብሎ ልጅን ለዚህ በሽታ ማጋለጥ አይገባም።

ፍጻሜው

በሚቀጥለው እሑድ ወደ እመቤቲቱ ቤት ተመልሰን የመረመርነውን ነገርናቸው። እርሳቸውም አስቀድመው ከንስሐ አባታቸው መልስ አግኝተው ስለ ነበር ዛጎሉ ታጥቦ በሰፌድ ላይ ደርቆ አገኘነው። ልጅቱ የደጃፉን መስቀል ጀምራለች። የስፌቱ ኮከብ ግን አልሆነላትም፤ ስንደዶው ከእጅዋ እየተፈታ አስቸግሯታል።

በዚያው ሰዓት እማማ ለቡና ተጠርተው መጡ። ሰፌዱን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ጠቈረ። ልጅቱም ተነሥታ ወንበር አቀረበችላቸውና «እማማ፥ ይህን ስፌት አሳዩኝ፤ እናቴ አታውቅም» አለቻቸው። እማማ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «እኔ ዛጎሉን በእጄ አልነካም፤ አታስገድዱኝ። ስፌቱን ግን ላሳይሽ» አሉና ወስፌውን ተቀብለው ክቡን ጀመሩላት።

ማንም አላስገደዳቸውም። አሮጊቲቱ ሰፉ፤ ልጅቱም ከአጠገባቸው ሆና በተጨረሰው ክብ ላይ ዛጎሉን አንድ በአንድ አኖረች። አምስተኛው ዛጎል ጥቂት ተጣሞ ነበር። እማማ እጃቸውን ሳይዘረጉ በዓይናቸው እያመለከቱ «ወደ ቀኝ... ጥቂት ወደ ቀኝ... ይኸው፥ አሁን ኮከብ ሆነ» አሏት።

የእመቤቲቱን ጥያቄ ላቀረቡልን ሁሉ የምንሰጠው መልስም ይህ ነው። የአያትን ዛጎል አትጣሉት፤ አትፍሩትም፤ አትታመኑበትም። እጠቡትና በልጆቻችሁ እጅ ስጡት። ከእርሱ ጋር ክፉ ትዝታ ያላቸው ሽማግሌ በቤታችሁ ካሉ ግን ትዝታቸውን አክብሩ፤ የሚያውቁትንም ሙያ እንዲያስተምሩ ለምኑአቸው። መልካም ገና ያድርግላችሁ።